የተቆጠረው ዓይንና ያልተቆጠረው

ስለ ኢትዮጵያውያን ዓይን ከተጻፉት ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ሥራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት። ዋና ውጤቱን የማነ ብርሃኔ፣ ዓለማየሁ ወርቁ፣ አበበ በጂጋ፣ ወንዱ ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት አውጥተውታል። ገጾቹ ጥቂት ናቸው። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ መነጽር ሰልችቶት «ሌዘር ልሠራ ወይስ ሌንስ ላስገባ?» የሚል ወጣት ግን እነዚያን ገጾች ቢያነብ ስለ ራሱም ስለ አገሩም ዓይን ብዙ ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

አጥኚዎቹ ከየክልሉ ናሙና ወስደው ከ25 ሺህ በላይ ሰዎችን መረመሩ። ከመቶው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ እይታቸው የቀነሰ ሆነው ተገኙ። በጊዜው የሕዝብ ብዛት ሲሰላ 1.2 ሚሊዮንና 2.8 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። ሴቶችና የገጠር ነዋሪዎች የባሰ ተጎጂ መሆናቸውንም ጽፈዋል። የሥራው ትልቁ ውለታ ግን በሽታውን በየምክንያቱ መለየቱ ነው። ከዓይነ ስውሮቹ 49.9 በመቶ የሚሆኑትን ብርሃናቸውን የነሳቸው የዓይን ሞራ ነበር፤ 11.5 በመቶውን ትራኮማ ብሌናቸው ላይ የተወው ጠባሳ። በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው ሳነብ እስካሁን ይከብደኛል።

ሞራ በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ መደፍረስ ነው፤ መድኃኒት አያጠራውም። የደፈረሰው ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ በቦታው ይገባል። ይህን የጀመረው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ለንደን ውስጥ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም፣ ያ ፕላስቲክ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተዋለ። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ለድሃ አገር የማይቀመስ ሆኖ ቆየ። በሕንድ ማዱራይ ያለው አውሮላብ እ.ኤ.አ. በ1992 ማምረት ሲጀምር፣ በኔፓል ካትማንዱ ያለው ቲልጋንጋም ሲያመርት፣ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ዋጋ ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በወሎ ሰው አንደበት ስሙ ከዓይን ሕክምና ጋር የተጣመረው፣ የሚያስፈልገው ሌንስ ይኸው ነው።

የፒያሳው ወጣት የሚጠይቀው ሌንስ ከዚህ ይለያል። እዚያ የተፈጥሮው ሌንስ አይወጣም፤ ቀጭን ተጣጣፊ ሌንስ ከፊቱ፣ ለዓይን ቀለም ከሚሰጠው ክፍል ጀርባ ይቀመጣል። አሜሪካ እንዲህ ያለውን ሌንስ ሩቅ በደንብ ለማይታያቸው ሰዎች የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ነው፤ የእኛ አጥኚዎች ዓይን በሚቆጥሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ሌዘር ብሌንን እየላገ ያስተካክላል፤ ስለዚህ ብሌኑ በቂ ውፍረትና ጤናማ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። የመነጽሩ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን የሚላገውም ይበዛል። ሌንሱ ብሌኑን አያሳሳም፤ ካልተስማማም ይወጣል። ይሁንና ዓይን ተከፍቶ የሚገባ ነው፤ ኢንፌክሽን፣ የዓይን ግፊት መጨመር፣ ቀድሞ የሚመጣ ሞራ፣ የብሌን የውስጥ ሕዋሳት መመናመን ሊያስከትል ስለሚችል በየጊዜው መታየትን ይጠይቃል። ለዚህ ክትትል ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መመላለስ ያለበት ሰው ምርጫው በለንደን ካለ ሰው ጋር አንድ አይደለም። በዓይን አለርጂ እየተሰቃዩ፣ ዓይናቸውን ሲያሹ ያደጉ የደጋ ልጆችም አሉ፤ አጥብቆ ማሸት ብሌኑ እየሳሳ ወደፊት ከሚሾልበት በሽታ ጋር ይያያዛል። ብሌኑ እንዲህ መሳሳት የጀመረበት ሰው ሌዘር ቢሠራ ይባስበታል። እኔ ለአብዛኛው ሰው መነጽርን አስቀድማለሁ፤ ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለና ብሌኑ የሳሳ ሰው ግን ሌንሱን ማሰቡ ተገቢ ነው።

በጥናቱ ቅር የምሰኘው እዚህ ላይ ነው። በመነጽር የሚስተካከል የእይታ ጉድለት በምክንያቶቹ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ከዓይነ ስውርነቱ 7.8 በመቶ፣ ከእይታ መቀነሱ 33.4 በመቶ። ይህ መስመር በሰው ሲቆጠር ያስደነግጣል። ወደ 94 ሺህ ሰው መነጽር ስለሌለው ብቻ ዓይነ ስውር፣ ከ900 ሺህ በላይ ደግሞ እይታው የቀነሰ ሆኖ ይኖር ነበር ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተራ መነጽር የሚበቃው ስንቱ ነው? ቁጥሩ ከሌዘር አቅም በላይ የሆነውስ? መስመሩ አይመልስም፤ የትኛው ሆስፒታል ምን ይግዛ ብሎ ለሚያቅድ ሰው ደግሞ ቁልፉ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ጥናቱ የተመራበት የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የተሻለውን ዓይንና የርቀት እይታን ነበር የሚያየው። በዚያ መለኪያ አንድ ዓይኑ በሞራ የጠፋ ገበሬ ሌላው ደህና እስከሆነ ድረስ አይቆጠርም። ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ሆነ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ስፌት የምትውል፣ አርባ ዓመት ሲያልፋት መርፌ ቀዳዳው የጠፋባት እናትም አትቆጠርም፤ ከሩቅ ደህና ታያለችና። እንጀራዋ ያለው ግን ከፊቷ ባለው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

ከዓይነ ስውርነቱ 87.4 በመቶው ሊወገድ የሚችል ነው የሚለው ድምዳሜም ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስራል። የትራኮማን ጠባሳ ውሃ፣ ንጽሕናና መድኃኒት አስቀድሞ ሊከለክለው ይችላል፤ ብሌኑ ከደፈረሰ በኋላ ግን ሌዘርም ሌንስም አይመልሰውም። ሞራ በተቃራኒው ከዕድሜ ጋር ይመጣል፤ የሚፈልገው ቀዶ ሐኪም፣ ማይክሮስኮፕና በልኩ የተመረጠ ሌንስ ነው። አንዱ የቧንቧ በጀት፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ክፍል በጀት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ያየ ሰው የሁለቱን ልዩነት አይስተውም፤ በዝርፊያ የሚያልቀው ዓይነ ስውርነቱ ይወገድበታል የተባለው መሣሪያ ነው።

ጥናቱ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ወጣቶች መነጽር አድርገው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ተከታዩ ጥናት ወደ ወሎ ሲመጣ የመነጽርን ቁጥር በየደረጃው ይለይ፤ አንድ ዓይን የጠፋበትንም ይቁጠር፤ በሞራ ቀዶ ሕክምና ሌንስ የገባለት ሰው ከዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚያይ ይለካ፤ ለኮምቦልቻ ሰፊዎች ደግሞ ከርቀት ሰሌዳው በተጨማሪ በእጅ የሚያዘውን የቅርብ ንባብ ሰሌዳ ይዞ ይምጣ።