የሚራመደው ሮቦትና የፊዚክስ ትምህርታችን

ሶፊያ የተሰኘችው ሰው መሰል ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባን ጎብኝታ ነበር። በሶፍትዌሯ ሥራ በከተማው የሚገኘው የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች መሳተፋቸው የሚያኮራ ነው። ሆኖም አድናቆታችን በአብዛኛው በንግግሯና በፊቷ ገጽታ ላይ ተወስኖ ቀረ፤ ለትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ፣ ይኸውም በሁለት እግር የመሄድ ችግር፣ ተዘነጋ።

ችግሩ ቀላል አይደለም። የጃፓኑ ዋሰዳ ዩኒቨርሲቲ ዋቦት 1ን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሆንዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራው ባለሁለት እግር መሣሪያ ለአንድ እርምጃ 5 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር፤ አሲሞ የተባለው ሮቦት ይፋ የሆነው ከ14 ዓመታት በኋላ ነው። ዝግ ያለ እርምጃ የስበት ማዕከል ከቆመው እግር መርገጫ እንዳያልፍ ይጠብቃል። ፈጣን እርምጃ ግን አካሉ ወደፊት ሲያዘነብል ሌላውን እግር አስቀድሞ ከመውደቅ ያድነዋል።

ይህ ዕውቀት ለደብረ ማርቆስ አካባቢ ተማሪ ባዕድ አይደለም። በክረምት ጭቃ ቁልቁለት ሲወርድ እርምጃውን ያሳጥራል፤ ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል፤ ዱላውን ሦስተኛ እግር ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ተማሪ የስበት ማዕከልን ፍቺ በቃል ብቻ ማስጠናት የእኛ የመምህራን ጉድለት ነው።

በተዳፋት ጣውላ ላይ ያለ ሞተር፣ በራሱ ክብደት እየተወዛወዘ የሚወርድ ባለሁለት እግር አሻንጉሊት ከቀርከሃና ከሽቦ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ለትዕይንት የሚሆን ሮቦት ከማሰባቸው በፊት፣ ተማሪው እየሠራ፣ አሻንጉሊቱም እየወደቀ የሚማርበትን ክፍለ ጊዜ ሊመድቡ ይገባል።