በስሙ ጥሩር፣ በገላ ላይ ነፋስ

ከሀርጌሳ ሰፈሮች አንዱ ጅግጅጋ ያር ይባላል፤ «ትንሿ ጅግጅጋ» እንደማለት ነው። በዚያም ሆነ በሌላው የሶማሌ አገር ሰርግ ያለ ዲራዕ አይደምቅም። ዲራዕ እግር ድረስ የሚወርድ ሰፊ ቀሚስ ሲሆን ጨርቁ ከመሳሳቱ የተነሳ ከውስጥ የሚለበሰው ጉርድ፣ ጎርጎራዱ፣ ከነጌጡ ብቅ ይላል። እኔ በተለይ የጥጡን እወደዋለሁ፤ ነፋስ ያስገባል፣ ላብ ይመጥጣል፣ የዕጣኑን፣ የኡንሲውን ጢስ ሽታም ይዞ ይቆያል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ስሙ ነው። ቃሉ የዓረብኛው «ድርዕ» ነው፤ የኤደን ሴቶችም ስስ ቀሚሳቸውን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ዓረብኛው ድርዕ ሲል የጦረኛን የብረት ልብስም የሴትን ቀሚስም ማለቱ ነው። የእኛም ግዕዝ «ድርዕ» የሚለው ያንኑ የብረት ልብስ፣ ጥሩሩን ነው። ጦር የሚመክተው ብረትና እፍ ቢሉት የሚንሳፈፈው ጨርቅ በአንድ ስም ተጠሩ!

ከላይ የሚጣለው ሻርፕ ገርበሳር ነው፤ «ገረብ» ትከሻ፣ «ሳር» ደግሞ ላዩ ላይ ማድረግ። የእኛዋ ነጠላም እንዲሁ አሠራሯን በስሟ ትናገራለች፦ ያልተደረበች።