የተጓዡ ብዕርና የገረዲቱ ቃል፤ ስለ ይፋት ባርነት በተጻፈው ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ባርነት ታሪክ ውይይት በተነሣ ቍጥር ከመካከላችን አንዱ፣ «በእኛ አገር የነበረው ባርነት የቤት ባርነት ስለ ሆነ ገር ነበር፤ ክፉውስ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባርነት ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህ አሳብ ከአፍ ወደ አፍ ብቻ የሚተላለፍ አይደለም፤ በመጻሕፍትም ተጽፎ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን መርምሮ፣ «ገር ነው» የሚለው ፍርድ በምን መሠረት ላይ እንደ ቆመ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። ከደጋው አፋፍ ወደ ምሥራቅ ቍልቍል ሲወርዱ የሚገኘው የይፋት ቈላ፣ ሸዋ ሮቢት ያለችበትን ሜዳ ጨምሮ፣ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት ሞቃት አገር ነው። ከሸዋ ሮቢት በስተ ደቡብ፣ ከአንኮበር ግርጌ ዓልዩ አምባ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት የሲራራ ነጋዴ ከዚያ ተነሥቶ በፋሬ በኩል የአፋርን ምድር አቋርጦ ወደ ተጁራ ወደብ ይወርድ ነበር። በዓልዩ አምባ አጠገብ ያለው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ወደ ሸዋ የሚገባው የአሳል ጨውና ወደ ባሕር የሚነዳው ሰው በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፉ ነበር።

ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ በተጁራ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የንግድና የወዳጅነት ውል ተዋዋለ፤ ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ በ1844 ስለ ኢትዮጵያ ደጋዎች የጻፈውን ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በሸዋ ከመኳንንቱ ጀምሮ እስከ ተራው ገበሬ ድረስ እንደየአቅሙ ባሪያና ገረድ እንዳለው ይነግረናል። ቀጥሎም ከውጭ ሲያዩት ኑሯቸው የተደላደለ መሆኑን፣ ባርነታቸውም ገር እንደ ሆነና በዌስት ኢንዲስ ደሴቶች ከነበረው ግፍ ጋር የማይወዳደር መሆኑን ይገልጻል።

ለሃሪስ የሚገባውን ፍርድ አንንፈገው። በሸዋ ለባሕር ማዶ ገበያ ስኳር የሚያመርት፣ በመቶ የሚቈጠሩ ባሮች በአንድ አለቃ ጅራፍ ሥር የሚሠሩበት እርሻ አልነበረም። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ «ገር ነው» ወደሚል ፍርድ መድረስ ሌላ ነገር ነው። በእኛ አስተያየት ሃሪስ ከዚህ ፍርድ የደረሰው በሦስት ስሕተት ነው።

አንደኛ፣ ምስክርነቱ የዓይን ብቻ ነው። እርሱ ራሱ ከውጭ እንደሚታየው ብሎ ቃሉን ገድቦታል፤ አንባቢዎቹ ግን ፍርዱን ይዘው ገደቡን ጥለውታል። የንጉሥ እንግዳ የሚያየው አዳራሹን እንጂ ማድ ቤቱን አይደለም። ሃሪስ የአንኮበርን ግብር በሰፊው ይተርካል፤ እንጀራው፣ ሥጋው፣ ጠጁ ሁሉ አለ። ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ዱቄት የሰማይ መና አይደለም። ሴት በወፍጮ ፊት ተንበርክካ በመጅ የፈጨችው ነው። ውሃውም ከምንጭ በእንስራ በጀርባ የወጣ ነው። ተራኪው ግብሩን ሲያደንቅ ወፍጮውን ካልሰማ፣ ስለ ወፋጪዋ ኑሮ የሚሰጠው ፍርድ ጎደሎ ነው።

ሁለተኛ፣ የአንዲቱን ሴት ዕድሜ ለሁለት ከፍሎታል። ሃሪስ ንጉሡ በኦሮሞ አገር ላይ ባደረገው ዘመቻ አብሮ ወጥቶ ነበር። ሰው ሲገደል፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲማረኩ ያየውን በጽኑ ቃል ያወግዛል። እንግዲህ በአንዱ ምዕራፍ ስትማረክ ያለቀሰላት ሴት፣ በሌላው ምዕራፍ ተደላድላ የምትኖር ገረድ ሆና ትመጣለች። ሁለቱን ምዕራፎች አገናኝቶ ለሚያነብ ሰው ግን ሴቲቱ አንድ ናት፤ ወላጆቿን ያጣችበት ቀን ወፍጮ ፊት በተቀመጠች ጊዜ ከልቡናዋ አይፋቅም። ገበያውም ከደጅ ነው። ከአንኮበር ቍልቍል ወርዶ አብዱል ረሱል እስካለ ድረስ፣ የእመቤቲቱ ደግነት የእመቤቲቱ ፈቃድ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ስሕተት «ቤት» የሚለውን ቃል የገርነት ማስረጃ ማድረጉ ነው። ይህን ለመመርመር ሃሪስ ራሱ ወደ ጠቀሳቸው የዌስት ኢንዲስ ደሴቶች እንሻገር። ሜሪ ፕሪንስ በቤርሙዳ በ1788 ገደማ በባርነት ተወለደች፤ ታሪኳም በ1831 በለንደን ታተመ። ገና ልጅ ሳለች እናቷ እርሷንና እኅቶቿን ወደ ገበያ አቀረበቻቸው፤ ሦስቱም ለተለያየ ገዢ ተሸጡ፤ የእርሷ ዋጋ 57 የቤርሙዳ ፓውንድ ነበር። በኋላም በተርክስ ደሴቶች በጨው ኵሬ ውስጥ ከንጋት በፊት ጀምራ ቆማ ስትሠራ እግሯ በቍስል ተበላ።

ይሁን እንጂ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ይህ ነው። ሜሪ ፕሪንስ አንቲጓ በምትባለው የስኳር ደሴት ብዙ ዓመት ስትኖር ሥራዋ በአገዳው እርሻ ላይ አልነበረም። ልብስ አጣቢና ሞግዚት፣ ማለት የቤት ገረድ ነበረች። ቀደም ሲል በቤርሙዳ ሄቲ የምትባል እርጉዝ ባልንጀራዋ ክፉኛ ተገርፋ ስትሞት ያየችው በቤት ውስጥ ነው። በ1828 ጌቶቿ ወደ ለንደን ይዘዋት በሄዱ ጊዜም ያጣላቸው የልብስ አጠባ ነገር ነው፤ በቍርጥማት የታመመ ሰውነቷ ሥራውን አልችል ብሎ ነበርና። እርሻ ቢያንስ ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈታል፤ ቤት ግን ማታም ቤት ነው። ስለዚህ የሃሪስ ንጽጽር በገዛ ማነጻጸሪያው ይፈርሳል።

የሜሪ ፕሪንስም መጽሐፍ ቢሆን ያለ ምርመራ የሚወሰድ አይደለም። ቃሏን የጻፈችው ሱዛና ስትሪክላንድ ናት፤ ያረመውና ያሳተመው የፀረ ባርነት ማኅበር ጸሓፊ የነበረው ቶማስ ፕሪንግል ነው። የማኅበሩን ዓላማ የማያገለግል ነገር እንደ ተቀነሰ መገመት ይቻላል። ቢሆንም በአርታኢ እጅ ያለፈ ድምፅና ጨርሶ ያልተጠየቀ ድምፅ እኩል አይደሉም።

የእኛም አገር ሴት ቃል አልነበራትም እንዳይባል አስቴር ጋኖን ማስታወስ ይበቃል። በሊሙ እናርያ በባርነት ተይዛ የነበረችው ይህች የኦሮሞ ልጅ፣ ለሽያጭ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 በጣልያን መርከብ ነጻ ወጥታ፣ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ጽፋ ለኦነሲሞስ ነሲብ አቀረበች፤ በ1894 የታተመው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍም ከዚህ የተገኘ ነው። የሚያስደንቀው ዋጋዋንና ሰንሰለቷን ሳይሆን የአገሯን ቋንቋ መጻፏ ነው። ባርነቱ ሊነጥቃት የፈለገውን ነገር ለይታ ዐውቃዋለች።

የባሪያ ንግድና ባርነት በ1924 ዐዋጅ ተገደበ፤ በ1942 ዐዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። ሕጉ ከተሻረ በኋላ «ገር ነበር» የሚለው ቃል ሳይሻር መቅረቱ ግን ጉዳት አለው፤ የገረዲቱን ልጅ ልጆች፣ አያታችሁ በደኅና ነበረች ብሎ ዝም ያሰኛቸዋልና።

ስለዚህ ወደ ይፋት ቈላ ለጥናት የሚወርድ ተማሪ፣ ባርነት ገር ነበር ወይስ ክፉ ብሎ ባይጀምር ይሻላል፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው የጌታው ወገን ነው። ይልቅስ ማን ይፈጭ ነበር? ከሌሊቱ በስንት ሰዓት ይነሣ ነበር? የወለደችው ልጅ የማን ይባል ነበር? ስትታመም ማን ይፈጭላት ነበር? ብሎ ይጠይቅ። ፍርዱ ከነዚህ ጥያቄዎች በኋላ የሚመጣ ነው።