«እኛ» የምትለው ማን ናት? ስለ አርኬድ ፋየር «ሃይቲ»

ስለ አርኬድ ፋየር ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው «ዌክ አፕ» ነው፤ ያ ሁሉ ሰው አብሮ እየጮኸ የሚዘፍነው፣ ስታዲየም የሚያናውጠው ዘፈን። ጥሩ ዘፈን ነው፣ አልክድም። ግን በ2004 የወጣውን የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸውን «ፊውነራል»ን (ቀብር ማለት ነው) ደጋግሜ ስሰማው፣ የአልበሙ ልብ ያለው ከዚያ ጩኸት ቀጥሎ በሚመጣው ስምንተኛው ዘፈን ላይ ይመስለኛል። ርዕሱ «ሃይቲ» ነው፤ የምትዘፍነውም ሬጂን ሻሳኝ ናት።

ባንዱ የተመሠረተው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ነው። ዋናው ዘፋኝ ዊን በትለርና ወንድሙ ዊል ቴክሳስ፣ ሂዩስተን አጠገብ ያደጉ ናቸው። ሬጂን ግን የሞንትሪያል ልጅ ናት፤ ወላጆቿ በፍራንሷ ዱቫሊየ ዘመን ከሃይቲ የወጡ ስደተኞች ናቸው። ዱቫሊየ፣ «ፓፓ ዶክ» የሚሉት፣ ከ1957 ጀምሮ ገዝቶ በ1971 ሲሞት ሥልጣኑን ለልጁ አወረሰ። ቶንቶን ማኩት የሚባሉት ታጣቂዎቹ ሕዝቡን ሲያሸብሩና ሲገድሉ ኖረዋል። አልበሙ «ቀብር» የተባለውም በሥራው ጊዜ የባንዱ አባላት ዘመዶቻቸውን አከታትለው ስለቀበሩ ነው፤ የሬጂን አያት አንዷ ነበሩ።

ዘፈኑ በቀስታ ይገባል። ጊታሩ አይቸኩልም፤ የካሪቢያን የብረት ከበሮ የሚመስል ድምፅ ከኋላ ጠብ ጠብ ይላል። የሬጂን ድምፅ ቀጭን ነው፣ ትንፋሽ ይበዛበታል። ቃሉን የማያውቅ ሰው የባሕር ዳርቻ ሙዚቃ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቃሉ ግን ጫካ ውስጥ ስለተደበቁ ሰዎች፣ ምልክት ስለሌለው መቃብር፣ ስለሚጮሁ ወታደሮች ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ያልተወለዱትን የአክስትና የአጎት ልጆቿን የምታነሳበት ቦታ ነው። የዱቫሊየን ሌሊት የሚረብሹት እነሱ ናቸው። የሞቱ አይደሉም፤ መወለድ ሲገባቸው ሳይወለዱ የቀሩ ናቸው።

ይሄን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው በየቤታችን አለ። ሱዳን ላይ የቀረች አክስት ስትነሳ አያቶቻችን ስሟን ጠርተው ዝም አይሉም፤ «ይሄኔ ልጆቿ እናንተን ያህሉ ነበር» ይላሉ። የሬጂን ዘፈን የተሠራው ከእንደዚህ ዓይነት ንግግር ነው ብዬ አስባለሁ። ከታሪክ መጽሐፍ የተወሰደ አይመስልም። ዓመተ ምሕረት የለውም፣ ፖለቲካውን አያብራራም፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የሰማች ልጅ የያዘችውን ያህል ነው የያዘው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሬጂን ጫካው ውስጥ የተደበቁትን «እነሱ» አትላቸውም፤ «እኛ» ትላለች። ሞንትሪያል የተወለደች ልጅ በምን መብቷ? ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢየሩሳሌም ቀን፣ ሄርጽል ተራራ ላይ በሱዳን መንገድ ያለቁት ሲታሰቡ፣ እዚሁ የተወለድነውም «በሱዳን በኩል መጣን» እንላለን። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ይሄ አይዋጥላቸውም፤ እውነት አላቸው፣ በእግራቸው የሄዱት እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ሬጂን «እኛ»ን እንዴት እንደምትለው ስሙ። ድምፅዋን አታነሳም፣ ጀግና አትሆንም። «እኛ» ስትል ከሙታኑ ጎን ትንሽ ቦታ ጠይቃ እንደተቀመጠች እንጂ ስለ እነሱ ንግግር እንደምታደርግ አይመስልም። «ዌክ አፕ» ውስጥ ያለው የመንጋ ድምፅ ይሄን ዘፈን ቢዘፍነው ኖሮ ይበላሽ ነበር።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። የምትዘፍነው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሃይቲ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው የሚግባባበት ቋንቋ ክሪኦል ነው፤ ፈረንሳይኛ የትምህርት ቤትና የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ የኖረ ነው። ስለ ተራው ሰው መቃብር የሚናገር ዘፈን የተራውን ሰው ቋንቋ አለመያዙ ጎዶሎ ያደርገዋል። የእኛዋ አስቴር ራዳ፣ ቂርያት አርባ የተወለደችው፣ በ2014 አልበሟ ላይ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» በአማርኛ ዘፍናዋለች፤ የራሷን ዘፈኖች ግን በብዛት በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፈው። የወረስነውን ቋንቋ መዝፈን አንድ ነገር ነው፣ በእሱ አዲስ ነገር መጻፍ ሌላ።

ክሪኦሉ ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላ በር ይገባል። በ2010 በወጣው «ዘ ሰበርብስ» ላይ ሬጂን የምትዘፍነው «ስፕሮል 2» የሚባል ዘፈን አለ፤ ንዑስ ርዕሱ ከሃይቲ ምሳሌያዊ አነጋገር ጋር አንድ ነው፦ ከተራራ ኋላ ተራራ አለ። እሷ ግን ተራራውን ወደ ካንዮን ትለውጠዋለች፤ ባዶ የቀሩ የገበያ አዳራሾች ተራራ በተራራ ላይ ሆነው ይታዩዋታል። ከተማ ዳር ያደገች ልጅ የአያት ተረት ይዛ የምታየው ይሄንኑ አይደል? አልበሙ በ2011 የግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሥራቸውን የሚያወጣላቸው መርጅ የሚባል፣ ሁለት ሙዚቀኞች የመሠረቱት ነፃ ኩባንያ ነበር። ወደ ኮሎምቢያ የገቡት በ2017 ነው።

በ2013 የመጣው «ሪፍሌክተር» በሃይቲ ካርኒቫልና በራራ ምት የተሞላ ነው። ኮንሰርቱ ላይ ሰው ተሸላልሞ እንዲመጣ ተጠየቀ። ምቱ ያስጨፍራል፤ «ሂር ካምስ ዘ ናይት ታይም» ሲፋጠን እኔም አልቀመጥም። ግን እዚያ ሃይቲ በዓል ሆናለች፤ እንግዳ ሆኖ የሚያዩዋት በዓል። እስክስታ ለሠርግና ለመድረክ ብቻ ሲወጣ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ይሰማኛል፤ ደስ ይላል፣ የሚጎድለው ግን ብዙ ነው።

«ሃይቲ»ን ስትሰሙ ለብቻው ነጥላችሁ አትስሙት፣ አልበሙን በተራው አስኪዱት። መጨረሻው ላይ ሬጂን ዝም ትላለች፤ ከበሮው ግን አይቆምም። ያው ምት እየመታ ቀጥታ ወደ ሚቀጥለው ዘፈን፣ ወደ «ረበሊየን» ይሻገራል።