መድኃኒቱ በማን ጉሮሮ ይወርዳል?

ሰው ሲታመም መራራውን መድኃኒት የሚውጠው ራሱ በሽተኛው ነው። በገንዘብ ዓለም ግን ይህ ሥርዓት ተገልብጦ እናያለን። ዋጋ ሲንር ማዕከላዊ ባንኮች የሚያዙት የታወቀው መድኃኒት ወለድ መጨመር ነው። ብድር ሲወደድ ሰው መበደርና መግዛት ይቀንሳል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ዋጋም ይረጋጋል ይባላል። ለመሆኑ ይህን መድኃኒት የሚውጠው ማን ነው?

በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 የአገሪቱ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ፌዴራል ሪዘርቭ የተባለው ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2022 እስከ ጁላይ 2023 ድረስ 11 ጊዜ ወለድ ጨመረ። ዜሮ ገደማ የነበረው መነሻ ወለድም ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ወጣ። ንረቱ በጁን 2023 ወደ 3 በመቶ መውረዱ አይካድም። ንረት ድሃውን ከማንም በላይ ስለሚጎዳ መውረዱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የውጤቱ መልካምነት ሸክሙ እንዴት እንደተከፋፈለ ከመጠየቅ ሊያግደን አይገባም።

በዚያች አገር ብዙ ሰው ቤት የሚገዛው ለ30 ዓመት በማይለወጥ ወለድ ነው። ስለዚህ በ2021 በ3 በመቶ ግድም ተበድሮ ቤት የገዛ ሰው ፌዴራል ሪዘርቭ 11 ጊዜ ሲጨምር የብድሩ ወለድ አልነቃነቀውም። የክሬዲት ካርድ ባለዕዳው ነገር ግን ሌላ ነው። የካርዱ ወለድ በአብዛኛው ከመነሻው ወለድ ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ መነሻው ሲጨምር በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ እሱም ይጨምራል። ጭማሪው ደግሞ ወደፊት በሚገዛው ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ባለበት ዕዳ ላይም ያርፋል። በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ ባንኮች በነባር ዕዳ ላይ ወለድ እንዳይጨምሩ ቢከለክልም፣ ከመነሻው ጋር የታሰረውን ወለድ ግን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። በ2021 ለልጁ መድኃኒት በካርድ የገዛ አባት፣ በ2023 የተወሰነውን ወለድ ይከፍላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የፖሊሲው አመክንዮ የሚፈርሰው። ዓላማው ሰው አዲስ ብድር እንዳይወስድ ማድረግ ከነበረ፣ የትናንቱን ብድር ማስወደድ ማንን ይመክራል? መድኃኒቱ ተገዝቶ ተበልቷል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

በቁጥር እናስላው። አንድ ሰው 5 ሺህ ዶላር የካርድ ዕዳ አለበት እንበል፤ ወለዱም በዓመት 24 በመቶ ይሁን። የወሩ ወለድ ብቻ 100 ዶላር ነው። ባንኩ በወር ቢያንስ ወለዱንና የዋናውን ዕዳ 1 በመቶ ክፈል ቢለው 150 ዶላር ይከፍላል፤ ከዚህ ውስጥ ዕዳውን የሚቀንስለት 50 ዶላር ብቻ ነው። ከከፈለው ሦስት እጅ ሁለቱ የትም አላደረሰውም።

ባንኮች «ካርድ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ብድር ነው፤ የማይከፍል ይኖራል» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን የአገሪቱ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 እንዳሳወቀው፣ ባንኮች ከመነሻው ወለድ በላይ የሚጨምሩት በ2013 ከነበረበት 9.6 ነጥብ በ2023 ወደ 14.3 ነጥብ አድጓል። ይህን ጭማሪ ማዕከላዊ ባንኩ አላዘዘም። ፌዴራል ሪዘርቭ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ አንድ ሙሉ ነጥብ ሲቀንስም፣ አማካዩ የካርድ ወለድ በ2025 መጀመሪያ ገና ከ21 በመቶ በላይ ነበር። ወለዱ ሲወጣ ይሮጣል፤ ሲወርድ ያነክሳል።

ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ቀድሞ ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የወለድ ጣሪያ ነበራቸው። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባንኮች የተመሠረቱበትን ግዛት ወለድ በሌላ ግዛት ባለ ደንበኛ ላይ ማስከፈል እንዲችሉ ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታ በ1980 ጣሪያዋን ስታነሳ አንድ ታላቅ ባንክ የካርድ ሥራውን ወደዚያው አዛወረ። ሰው የሠራው ነው፤ ሰው ሊያርመው ይችላል።

እኛ ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ ላይ «ሪባ ሐራም ነው» ብለን መዝጋት ይቀናናል። እርግጥ ነው፣ ሐራም ነው። ነገር ግን ሱረቱል በቀራ ሪባን ከከለከለ በኋላ ወዲያው ወደ ተበዳሪው ሁኔታ ይሸጋገራል፤ የተቸገረው ባለዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፣ ማማሩ ደግሞ ይበልጥ መልካም መሆኑን ይነግረናል። የፖሊሲ አውጪዎች ጥያቄ «ወለዱ ስንት ይሁን?» የሚል ነው። የአላህ ቃል የሚያስጠይቀን «ሰውየው እንዴት ሆነ?» ብለን ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር፣ ዕዳውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ወንድማችንም «እኔ ወለድ አልከፍልም» ብሎ ከመርካቱ በፊት፣ ካርዱ የሚሰጠው ስጦታ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ነገሩ ከአገራችንም የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 መነሻ የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ብሎ ወለድን ዋነኛ የንረት መቆጣጠሪያው አድርጓል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። በሙራበሐ ሽያጭ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ፣ ወለድ ቢወጣም ገዢው ቢዘገይም አይጨምርም፤ ከላይ ያየነውን በደል ከሥሩ የሚነቅለው ይህ ነው። ይሁንና ትርፉ መጀመሪያውኑ የወለዱን ገበያ እያየ የሚቆረጥ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በሌላ ብርጭቆ ቀረበ እንጂ የሚውጠው ሰው አልተለወጠም። ከወለድ ነፃ መሆናችንን የምናሳየው በስማችን ሳይሆን፣ ያጣው ባለዕዳ ደጃችን ሲቆም በምንሰጠው መልስ ነው።

ወላሁ አዕለም።