የተማረ ይግደለኝ፤ የሚማረውስ?

«የተማረ ይግደለኝ» የምትለዋን አባባል ማን እንደ ጀመራት አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ ማስተማሪያ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ያየ ሰው አይመስለኝም። እዚያ ቤት በበሽተኛው ራስጌ የሚቆመው ሁልጊዜ «የተማረ» አይደለማ! ገና እየተማረ ያለም አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጠውን ሰው «ተኛ» እንላለን እንጂ እንቅልፍስ አይደለም። የተኛ ሰው ይተነፍሳል፣ ትን ሲለውም ያስላል። በሙሉ ማደንዘዣ ግን የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ከተጨመረበት ደግሞ ትንፋሹ ጨርሶ ይቆማል። ስለዚህ አየር የሚገባበትን መንገድ ሌላ ሰው ይከፍትለታል። ወይ በድምፅ አውታሮቹ መካከል ቱቦ አሳልፎ ወደ አየር ቧንቧው ያስገባል፤ ወይ ደግሞ እንግሊዛዊው የማደንዘዣ ሐኪም አርቺ ብሬን በ1981 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈውን፣ ማንቁርት ላይ የሚቀመጠውን ላሪንጂያል ማስክ ይጠቀማል። ጊዜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው። አንጎል ለአራት አምስት ደቂቃ ኦክስጅን ካጣ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ቱቦው ተሳስቶ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ደግሞ አየሩ ሳንባን ትቶ ሆድ ይነፋል።

ይህን ሙያ ማንም ከእናቱ ሆድ ይዞት አይወለድም። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው ጀማሪ ሐኪሞች ከመቶ ዘጠና ጊዜ ቱቦውን ለማሳካት በአማካይ 57 ጊዜ በበሽተኛ ላይ መሥራት አስፈልጓቸዋል። እንግዲህ 58ኛው በሽተኛ መሆን የማይመኝ ማን አለ? ግን አንደኛም፣ ሁለተኛም፣ አሥረኛም የሚሆን ሰው የግድ አለ።

አንደኛው ማን ነው? ባለ ገንዘቡ አይደለም። እሱ የሐኪሙን ስም ጠርቶ፣ ቀን አስቆርጦ ነው የሚታከመው። መማሪያ የሚሆነው ወረፋ ጠብቆ፣ ብርድ ልብሱን በፌስታል ይዞ የመጣው ነው። «እዚህ ጋ ፈርም» ይባላል፤ ይፈርማል። ጉሮሮውን የሚከፍተው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የሚነግረውም የለም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ማለት ይኼ አይደለም ትላላችሁ?

«ጀማሪ አይንካኝ» እንበል እያልኩ ግን አይደለም። ሁላችንም እንዲህ ካልን ከሃያ ዓመት በኋላ የልጆቻችንን ጉሮሮ የሚከፍት ባለሙያ አይኖርም። ቅሬታዬ በመማሩ ላይ ሳይሆን በአስተማሪው ቦታ ላይ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ሐኪም ሲያጫውተኝ፣ «ሲኒየሬ ‹ማስክ እኮ ቀላል ነው፤ ችግር ካለ ደውልልኝ› ብሎኝ ሻይ ሊጠጣ ወጣ» አለኝ። ማስክ ከቱቦ ይልቅ ለጀማሪ እንደሚቀልስ እውነት ነው። ግን በቅጡ ካልተቀመጠ አየር ያፈሳል፤ በሽተኛው ቢያስመልሰው ደግሞ ሳንባውን የቱቦውን ያህል አይከላከልለትም። በዚያች በአራት ደቂቃ ውስጥ የትኛው ኔትወርክ ነው ሲኒየሩን ከሻይ ቤት የሚያደርሰው?

ሲኒየር መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኢሌን ብሮሚሊ የተባለች ሴት ለቀላል የሳይነስ ኦፕራሲዮን ገባች። ማስኩ አልገባ አለ፤ ቱቦውም አልገባ አለ። አጠገቧ የነበሩት ሐኪሞች የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ናቸው። ሆኖም ቱቦውን ደጋግመው ሲሞክሩ ሰዓቱ ሄደባቸው። ነርስ አንገት ላይ ቀዶ አየር ማስገቢያውን ዕቃ አምጥታ መድረሱን ብትናገርም ሰሚ አላገኘችም። ኢሌን ከ13 ቀን በኋላ ሞተች። ባሏ ማርቲን የአውሮፕላን አብራሪ ስለነበር ነገሩን በበረራ ዓይን አየው፤ በአውሮፕላን ውስጥ ረዳቱ ዋናውን አብራሪ «ኧረ ተሳስተሃል!» እንዲል ይሠለጥናል። ኦፕራሲዮን ክፍልስ?

እኛ ዘንድማ ታላቅ ባለበት ታናሽ አይናገርም። ጀማሪው ቱቦው እንዳልገባ እየጠረጠረ ሲኒየሩን አፍሮ ዝም ይላል፤ ነርሷ ጀማሪውን አፍራ ዝም ትላለች። በሽተኛው እንኳን ሊናገር ሊተነፍስም አይችል። ሁሉም በጨዋነት ዝም ባሉበት ክፍል ውስጥ ሰው ይሞታል።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። ጀማሪው መጀመሪያ በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ እጁን ያፍታታ። ሲኒየሩ በስልክ ሳይሆን በአካል አጠገቡ ይቁም። ከሳንባ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለካ ቱቦው የት እንደገባ የሚናገረው መሣሪያ ቅንጦት ነው አይባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኦፕራሲዮን መጠየቂያ ዝርዝር ላይ «ይህ ሰው አየር መንገዱ ያስቸግር ይሆን?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ጮክ ተብሎ ይጠየቅ። በሽተኛውም «ዛሬ የሚሠራልህ ተማሪ ነው፤ አስተማሪው ከጎኑ ነው» ይባል። ድሃ ነውና አይገባውም አይባልም። ይገባዋል፤ ጉሮሮው የራሱ ነው።

እንግዲህ አባባሏን እናሻሽላት። የተማረ ይግደለኝ ማለት ይቅርብን። የሚማረው ያድነኝ፤ ያስተማረው ከጎኑ ቆሞ።