የአንደኛ ደረጃ የሙዚቃ አስተማሪዎች ጉባኤ ምን መምሰል አለበት?

ሙዚቃ ለሕፃናት ትምህርት የሚጠቅም መሆኑን የሚክድ ሰው አናገኝም። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የትምህርቱን ጥቅም ሳይሆን፣ ትምህርቱን የሚሰጠው አስተማሪ በሙያው ከማን ጋር ይመካከራል የሚለውን ጥያቄ ነው። ለዚህም በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘውን የንፋስ ስልክ ላፍቶን ክፍለ ከተማ በምሳሌነት ብንወስድ ይበቃናል።

በላፍቶም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል፣ የሒሳብ ወይም የአማርኛ አስተማሪ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሙያ ባልደረባ አያጣም። ሲቸግረው ይጠይቃል፤ ሲሳሳትም የሚያርመው ያገኛል። የሙዚቃው አስተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። በዚህም ላይ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕል «የክወናና ዕይታ ጥበባት» ተብለው በአንድነት ስለሚሰጡ፣ ሥዕል የተማረው ሰው ዜማ፣ ዜማ የተማረውም ሰው ሥዕል እንዲያስተምር ይገደዳል።

«ታዲያ ስብሰባ መች ጠፋ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስብሰባ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ፣ አስተማሪ ሁሉ በያመቱ 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል ደንግጓል። አጎራባች ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል አማካይነት እንዲገናኙ ተደርጓል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የአስተማሪውን ኑሮና መብት ሲከራከርለት የቆየ አንጋፋ ማኅበር ነው። ነቀፋችን እነዚህ ለምን ኖሩ የሚል አይደለም። ነቀፋችን፣ ሁሉም ለአስተማሪ በጠቅላላው የሚሆነውን ሲናገሩ ለሙዚቃ አስተማሪ ብቻ የሚሆነውን የሚናገርበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ስለ ትምህርት ዕቅድና ስለ ፈተና አወጣጥ የሚሰጠው ምክር ለሁሉ ይጠቅም ይሆናል፤ አርባ ሕፃናት በአንድ ድምፅ እንዴት እንደሚዘምሩ ግን አያስተምርም።

ይህ ተራ ነገር እንዳይመስል ሁለት ምሳሌ እናቅርብ። አንደኛው የድምፅ ከፍታ ነው። ወንድ አስተማሪ ዜማውን በራሱ ድምፅ ልክ ዝቅ አድርጎ ሲጀምረው፣ የሕፃናቱ ድምፅ ወደዚያ መውረድ ስለማይችል ወይ ያጉረመርማሉ፣ ወይ ይጮኻሉ። አስተማሪውም «ጆሮ የላቸውም» ብሎ ይፈርድባቸዋል። በአጠገቡ ሌላ የሙዚቃ አስተማሪ ቢኖር ግን «ከፍ አድርገህ ጀምር» በሚል አንድ ቃል ነገሩ በተቃና ነበር።

ሁለተኛው የቅኝት ጉዳይ ነው። የሀንጋሪው ኮዳይና የጀርመኑ ኦርፍ የልጆችን ትምህርት ግማሽ ድምፅ በሌለበት ባለ አምስት ድምፅ ስልት መጀመርን መርጠዋል። የእኛም ትዝታ ሜጀር የዚሁ ዓይነት ነው፤ አንቺ ሆዬና አምባሰል ግን ግማሽ ድምፅ ስላለባቸው ለጀማሪ ይከብዱ ይሆናል። ታዲያ በየትኛው ይጀመር? ባቲስ መቼ ይግባ? ሆያ ሆዬንና አበባየሁ ሆይን ከመንደሩ ይዞ ለሚመጣው ልጅ፣ በቤቱም ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ለሚሰማው ጓደኛው፣ የትኛው መንገድ ይቀርባል? ዛሬ ይህን ጥያቄ የጀሞው አስተማሪ ለብቻው፣ የመካኒሳውም ለብቻው ይመልሰዋል። የአንዱ ልምድም ለሌላው ሳይደርስ ይቀራል።

የሙያ ጉባኤ ከውጭ አገር ብቻ የሚመጣ ነገር አድርገን መቁጠር አይገባንም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል በጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። በዚያ ድጓው ከዋናው መጽሐፍ ጋር ተመሳክሮ ይታረማል፤ እርሱም በሊቃውንቱ ፊት ያዜማል። በአቋቋም በኩል ደግሞ የላይ ቤትና የታች ቤት ልዩነት በስሙ ታውቆ ተከብሮ ይኖራል። እንግዲህ መታረምም ልዩነትን ማክበርም በአንድ ማኅበር ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አባቶቻችን አሳይተውናል። ስልቱን እንውሰድ ማለታችን እንጂ፣ ዜማውን እንዳለ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እናስገባው ማለታችን አይደለም።

በውጭውም ዓለም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የሙዚቃ አስተማሪዎች ማኅበር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1907 በአዮዋ ግዛት በምትገኘው በትንሿ የኪዮከክ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። ዓለም አቀፉም የሙዚቃ ትምህርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 በብራስልስ በዩኔስኮ አጋዥነት ተመሥርቶ በየሁለት ዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል።

ነገር ግን የጉባኤን ስም እንጂ ሥራውን እንዳናጣ እንሰጋለን። የክብር እንግዳ የሚከፍተው፣ ንግግር የሚበዛበት፣ በውሎ አበልና በምስክር ወረቀት የሚዘጋ ስብሰባ ለሙዚቃ አስተማሪው ምንም አይፈይድለትም። አንድም ሰው ሳይዘምር የተበተነ የሙዚቃ አስተማሪዎች ስብሰባ፣ ስብሰባ እንጂ የሙያ ጉባኤ ሊባል አይገባውም።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ከ60ው ሰዓት ጥቂቱ ለሙዚቃ አስተማሪዎች ብቻ ይለይላቸው። የላፍቶ፣ የጀሞ፣ የለቡና የመካኒሳ አስተማሪዎች በአንድ የጉድኝት ማዕከል በወር አንድ ቅዳሜ ይገናኙ። እያንዳንዱ ከክፍሉ አንድ መዝሙርና አንድ ችግር ይዞ ይምጣ፤ በጓደኞቹ ፊት ያስተምረው፤ ይታረም፤ ያርምም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን ወደዚህ ስብሰባ ቢልክ፣ ለእነርሱም ትምህርት ይሆናቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ ክራርና አንድ ከበሮ ነው።

ይህ ባይሆን የሚጎዳው አስተማሪው ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ስድስት ዓመት ተምሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዜማ አስተካክሎ ሳይዘምር ከአንደኛ ደረጃ ይወጣል። ያን ዕድሜ ደግሞ ማንም ተመልሶ አያገኘውም።